ቀጭን ድምፅ ላላችሁ ወንድ ልጆች

ድምፅ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ወንዶች ልጆች እስኪሰለቸኝ ድረስ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። "ጋሼ፣ ቀጭን ማውጣት እችላለሁ። ግን የሴት አይመስልብኝም?"

መልሴ ጁልየስ ቄሳር ነው። የሙዚቃ ደራሲው ሃንደል እ.ኤ.አ. በ1724 ለንደን ላይ ስለ ቄሳር የሚተርከውን "ጁሊዮ ቼዛሬ" የተባለ ኦፔራ (በዘፈን የሚቀርብ ድራማ) ለመድረክ ሲያበቃ፣ የሮማው ጦር መሪ የዘፈነው በአልቶ፣ ማለትም የሴት በሚመስል ከፍታ ነበር። ዘፋኙ ሴኔሲኖ የተባለ ጣልያናዊ ነው። በወፍራሙ የወንድ ድምፅ፣ በባስ፣ የሚዘፍነው ማን መሰላችሁ? መጨረሻ ላይ የሚሞተው የግብፅ ጦር አዛዥ። በዚያ ዘመን ኦፔራ ጀግናው በቀጭኑ ነው የሚዘፍነው።

ጥቁር ጎኑን ግን አልደብቃችሁም። ሴኔሲኖም ሆነ ሌላው ዝነኛ ዘፋኝ ፋሪኔሊ በልጅነታቸው የተሰለቡ ናቸው። ጉሮሯቸው የልጅ ሆኖ ቀረ፣ ደረታቸው የአዋቂ ሆነ። በሙዚቃ ስም ልጆች ላይ የተፈጸመ ግፍ ነው፤ ማቆንጀት አያስፈልገውም። እንዲህ ከተሰለቡት ዘፋኞች ከመጨረሻዎቹ አንዱ አሌሳንድሮ ሞሬስኪ በ1902 እና በ1904 ሮም ውስጥ የተቀዳው ድምፅ ዛሬም ይገኛል። አንዴ ስሙት።

የዛሬው ካውንተርቴነር፣ ማለትም ሳይሰለብ በቀጭን ድምፅ የሚዘፍን ወንድ፣ ሌላ ነው። ሲያወራ ብትሰሙት ብዙውን ጊዜ ባሪቶን፣ መካከለኛ የወንድ ድምፅ ያለው ነው። ሲዘፍን የድምፅ አውታሮቹ ተወጥረው ይሳሳሉ፤ በዋናነት ጠርዛቸው ብቻ ይርገበገባል። ፋልሴቶ የምንለው ይኸው ነው። ትንሽ ትንሽማ ማንም ወንድ ያወጣዋል። ሥራው ኦርኬስትራ እያለ፣ ማይክ ሳይኖር፣ አዳራሹ ጥግ ድረስ ማድረሱ ላይ ነው።

ደግሞ ሁሉም የሚጨነቀው ስለ ላይኛው ኖታ ነው። የሚያስቸግረው ታችኛው ነው! ዜማው ወረድ ሲል ፋልሴቶው ይሳሳል፣ የደረት ድምፅ ሊረከበው ይመጣል። ካልተለማመዳችሁ መረካከቢያው ላይ ድምፁ ስንጥቅ ይላል። ስለዚህ ከላይ ጀምራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ በለሆሳስ ውረዱ። ከታች እየገፋችሁ አትውጡ። ከተጎረነናችሁ በቃ፣ የዛን ቀን አቁሙ። ድምፃችሁ ገና እየተለወጠ ያላችሁ ጎረምሶች ደግሞ "እኔ ካውንተርቴነር ነኝ" ለማለት አትቸኩሉ።

እንጀራውስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠባብ ነው። ታላላቆቹ የኦፔራ ደራሲዎች ቨርዲና ፑቺኒ ለዚህ ድምፅ ዋና ሚና አልጻፉም። የሃንደልን ሚናዎች ሜዞ ሶፕራኖ (መካከለኛ የሴት ድምፅ ያላቸው) ሴቶችም ይዘፍኗቸዋል፤ ያውም አሳምረው። ግን እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ብሪተን በ1960 የተረት ንጉሡን የኦቤሮንን ሚና ለካውንተርቴነሩ ለአልፍሬድ ዴለር ድምፅ ጻፈ። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፊሊፕ ግላስ ደግሞ በ1984 በጀርመን ሽቱትጋርት ላይ የቀረበውን "አኽናተን" የተባለ ኦፔራ ሠራ። እዚያ ፈርዖኑ ይነግሣል፣ ዘውድ ይጭናል፣ እሱ ግን ትንፍሽ አይልም። በመጀመሪያው ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት ላይ አፉን ሲከፍት ያ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሌላውን ማየት አትችሉም። ለእኔ ከዚህ የተሻለ አገባብ የለም።

የፖላንዱ ካውንተርቴነር ያኩብ ኦርሊንስኪ ብሬክዳንስም ይጨፍራል። ከእናንተ ያን ማንም አይጠብቅም፣ አይዟችሁ። ጣልያንኛ ግን ተማሩ። ለኦዲሽን ስትሄዱ አንድ ፈጣን፣ አንድ ዝግ ያለ የሃንደል አሪያ (ከኦፔራ የተወሰደ የአንድ ሰው ዘፈን) ያዙ። በፈጣኑ ቅልጥፍናችሁን ያያሉ። በዝግታው ትንፋሻችሁን፣ መረካከቢያውን፣ ቃሉ ገብቷችሁ እንደሆነም ያያሉ። እኔ ዳኛ ስሆን መጀመሪያ የማስዘፍነው ዝግ ያለውን ነው።