መልስ፦ የላሊበላን የቱሪዝም ገቢ እንዴት እናስላው?
«የጎብኚውን ቁጥር በአማካይ ወጪ ባባዛው አይበቃም ወይ?» ላልከው፣ አይበቃም ወንድሜ። ለገና ስንቁን ቋጥሮ በእግሩ የመጣ ምእመን አለ፤ በአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት በኩል የመጣ የውጭ ዜጋም አለ። የሁለቱ አማካይ ማንንም አይገልጽም። ለየብቻ ጠይቃቸው፣ ያውም ሲወጡ፣ አየር ማረፊያውና መናኸሪያው ላይ። ስንት ሌሊት እንዳደሩም መዝግብ።

ዋናው ጣጣ ከዚያ በኋላ ነው። የአውሮፕላን ትኬቱና የአስጎብኚው ድርሻ አዲስ አበባ ይቀራል። ሆቴሉ የሸጠው ቢራም ከሌላ ከተማ ተጭኖ የመጣ ነው፤ ላሊበላ የሚቀረው የሻጩ ትርፍና የአስተናጋጁ ደሞዝ (ጉርሻውም አይረሳ!) ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ሽያጩን ትተህ እሴት ጭማሪውን፣ ማለትም ከሽያጩ ላይ ከሌላ የተገዛው ዕቃና አገልግሎት ዋጋ ሲነሳ የሚተርፈውን፣ ቁጠር። ነዋሪው እዚያው ሆቴል የበላውንም ቀንስ። የቱሪዝም ሳተላይት አካውንት የሚባለው፣ ቱሪዝም በኢኮኖሚው ውስጥ ያለውን ድርሻ ለይቶ የሚያሰላው ማዕቀፍ ለአገር አቀፍ ስሌት ጥሩ ነው፤ ለአንድ ከተማ ግን ይከብዳል። እኔ ብሆን ከሆቴሎቹ የአልጋ መዝገብ እጀምራለሁ።