ጀልባዋን አትሽጪ፣ እሱንም ከጀልባዋ አታውርጂው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤትሽ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ መተዳደሪያችሁ ዝዋይ ሐይቅ ላይ የምትሠራ አንዲት የሞተር ጀልባ ናት፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል፤ ዘመድ ደግሞ «ሽጪያትና ተገላገይ» ይልሻል። እኔ የምኖረው ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አጠገብ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ከሁለት ዓመት በፊት አሁን ባለሽበት ቦታ ላይ ነበርኩ።

የእኛ ችግር የጀመረው በባለቤቴ ሳል ነው። አንድ የግል ክሊኒክ «ብሮንካይት ነው» እያለ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ሰጠው። ሌሊት በላብ አንሶላው ሲርስ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ጤና ጣቢያ አክታው ሲመረመር በሽታው ታወቀ። ሲመዘን 49 ኪሎ ሆነ። የጀልባ ሞተር በትከሻው ተሸክሞ ወደ ውኃ ይወርድ የነበረ ሰው ነው እንግዲህ! የመድኃኒቱን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ስድስት ወር ነው፣ በነጻ ነው፣ አንድም ቀን አይዘለልም። በመጀመሪያው ቀን ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ «ደም ሸናሁ፣ አለቀልኝ» ብሎ በሩ ላይ ተቀመጠ። መድኃኒቱ ሽንትን ብርቱካናማ እንደሚያደርግ ነርሷ ነግራን ነበር፤ እሱ ግን ያን ዕለት ከበሽታው ስም ሌላ የሰማው ነገር አልነበረም።

ጀልባዋን ለመሸጥ እኔም ገዢ አምጥቼ ነበር። ሞተሩን ውኃ በሞላ በርሜል ላይ አሰርንለትና ሰውየው ማስነሻ ገመዱን ይስብ ጀመር። ሳበ፣ ሳበ፣ አልነሣም። ያን ጊዜ የእኛ ሰው ጋቢውን እንደተከናነበ በመስኮት ብቅ ብሎ «መጀመሪያ ቾኩን ሳበው እንጂ! ቀዝቃዛ ሞተር እንዲሁ አይነሣም» አለ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአፉ የወጣ ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር። ገዢውን ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁት።

ከዚያ በኋላ ነገሩን እንዲህ አደረግነው። እስከ ሁለተኛው ወር የአክታ ምርመራ ድረስ እሱ ጎብኚ ካለበት ጀልባ ላይ አልወጣም፤ ይህን አጥብቄ ያዝኩት፣ አንቺም ያዢ። ቤት ውስጥ ለብቻው ይተኛል፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሰው ሲመጣ አፉንና አፍንጫውን ይሸፍናል። የአራት ዓመት ልጃችንም ተመርምራ የመከላከያ መድኃኒት ተሰጣት፤ ልጅ ካለሽ ዛሬውኑ ጠይቂ። ጠዋት በባዶ ሆዱ ክኒኑን ይውጣል፣ አንድ ሰዓት ቆይቶ የቡላ ገንፎ ወይም የዓሣ ሾርባ ይበላል፣ ከዚያ በታሰረችው ጀልባ ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። ሌላ ሰው ቢያየው ሥራ ፈት ይለው ነበር። እሱ ግን ገመድ ይቋጥራል፣ ካንዴላ ይጠርጋል፣ የጎረቤቱን ሞተር ድምፅ ሰምቶ ከሩቅ ይተቻል።

ነርሷ «ዓይኑ ከደበዘዘበት ወይም ቀይና አረንጓዴ መለየት ካቃተው ቶሎ አምጪው» ብላኝ ነበር፤ ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በየጠዋቱ ዳር የቆሙትን ጀልባዎች ቀለም አስቆጥረው ነበር። «አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ያቺ ደግሞ ቀለሟን የሚያውቀው ባለቤቷ ብቻ ነው።» ሲያሾፍ ስሰማ ዓይኑም ልቡም ደህና መሆናቸውን አውቅ ነበር። የዓይን ነጩ ቢጫ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ጉበት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ውሰጂው። «ለጉሮሮ ትንሽ አረቄ» እያሉ የሚመጡ ወዳጆችንም ከበር መልሻቸው።

ሥራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቤንዚንና ዘይት መቀላቀል እሱ ከዳር ሆኖ እያየኝ ተማርኩ፤ ለእኛ ሞተር ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ያንቺ ሊለይ ስለሚችል እሱን ጠይቂው። ብታውቂውም ጠይቂው። በጀልባ ማኅበራችን ጎብኚ የሚጫነው በተራ ነው፤ እኔም ወንዶቹ መሐል ተራዬን ስጠብቅ መጀመሪያ ይስቁ ነበር። በሽታውን ደብቄ ብዙ ተሰቃየሁ። ስነግራቸው ሁለት ሰዎች ራቁን፣ የቀሩት ግን የጠዋቱን ተራ ለቀቁልኝ። ሐዋሳ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፤ ለጀማሪ የጠዋት ተራ ትልቅ ስጦታ ነው።

በሁለተኛው ወር አክታው ነጻ ሆኖ ተገኘና ፈቃድ አገኘን። አራቱ መድኃኒት ወደ ሁለት ወረደ፣ እሱም ወደ ጀልባዋ ወጣ። ከፊት አስቀመጥኩት። ድምፁ ገና ስላልተመለሰ በእጁ ብቻ ያዝዘኝ ነበር፤ መዳፉን ወደ ታች ሲያደርግ ቀስ በይ፣ ጣቱን ሲቀስር በዚያ በኩል ጉማሬ አለ። አንድ ቀን ወደ ጥቁር ውኃ በኩል ስንሄድ ድንገት መዳፉን አነሣ። እኔ ያየሁት ጠፍጣፋ ውኃ ብቻ ነው። ሞተሩን ቀነስኩ፤ ከሸንበቆው አጠገብ አረፋ ፈላ፣ ሁለት ጆሮዎች ብቅ አሉ። ጎብኚዎቹ ለፎቶ እንድጠጋ ለመኑኝ። እሱ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያያቸው እጁን ወደ ግራ አጠፈ፤ እኔም ዞርኩ።

ገንዘቡን በተመለከተ አላታልልሽም፤ ያን ዓመት ዕቁባችንን አቋርጠናል፣ ከእህቴም ተበድሬያለሁ። ጀልባዋ ብትሸጥ ዕዳው አይኖርም ነበር። ግን ከፊት የሚቀመጥበት ጀልባ ባይኖረው ያ ሰው ከግድግዳው ይዞር ነበር ብዬ አላምንም።

«ከባድ ሥራ መቼ ይመለሳል?» ላልሽው፣ የእኛው ስድስቱን ወር ሲጨርስ 58 ኪሎ ነበር፤ ሐኪሙም ሥራ ፈቀደለት። ሞተር ይሸከማል፣ ቤንዚን ያመላልሳል። ማስነሻ ገመዱን ግን እስከ ዛሬ የምስበው እኔ ነኝ። በየጠዋቱ ይጠይቀኛል፣ በየጠዋቱ እምቢ እለዋለሁ።