የናፍጣ መኪና ካሳ፦ ከባሕር ዳር የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከተማችን ውስጥ አንድ ወሬ ይናፈሳል። የጀርመን ናፍጣ መኪና ያለው ሁሉ ካሳ ይከፈለዋል፣ የሊብሬ ኮፒና ትንሽ "ማስኬጃ" ይዛችሁ ኑ የሚል ደላላ አለ አሉ። ስልኬ ማረፍ አቃተው። ያላችሁን ጠይቁ አልኩ፤ የመጣውን ከነመልሱ እነሆ።

ለማታውቁኝ፦ ዕድሜዬን የበላው የናፍጣ ሞተር ነው። የቮልስዋገን የጭስ ማታለል ጉዳይ በ2015 ሲፈነዳ ጀርመን አገር ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ። ለማስተካከያ የተጠሩትን መኪኖች በእጄ ሠርቻለሁ። አሁን ባሕር ዳር ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ዓመቶቹ ካልገለጽኩ በስተቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ (የሚኒባስ ሹፌር)፦ ጋሼ፣ ከሥሩ ጀምርልን። ቮልስዋገን ያጠፋው ምንድን ነው?

መኪና ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ጭሱ ይለካል። የሚለካው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ጎማው ሮለር ላይ እየተሽከረከረ ነው። ጎማው ይሮጣል፣ መሪው ግን አይዞርም። መቼ ፍጥነት እንደሚጨምር፣ መቼ እንደሚቀንስም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ቮልስዋገን ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒውተር ውስጥ ይህን የሚለይ ሶፍትዌር ከተተ። ፈተና ላይ መሆኑን ሲያውቅ የጭስ ማጽጃውን በደንብ ያሠራዋል። አስፋልት ላይ ሲወጣ ይቀንሰዋል።

ያጋለጡት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። መለኪያውን መኪናው ላይ ጭነው መንገድ ለመንገድ ለኩ። የ2014 ውጤታቸው እንዳሳየው ጄታ የሚባለው የቮልስዋገን መኪና ሕጉ ከሚፈቅደው ከ15 እስከ 35 እጥፍ ናይትሮጂን ኦክሳይድ ያወጣ ነበር፤ ፓሳት የሚባለው ደግሞ ከ5 እስከ 20 እጥፍ። የሚያስቀው ነገር፣ ጥናቱን ያሠሩት ሰዎች ሐሳባቸው የአሜሪካ ናፍጣ ንጹሕ መሆኑን ለአውሮፓ ማሳየት ነበር። ሴፕቴምበር 18፣ 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ጉዳዩን አደባባይ አወጣው። ኩባንያው በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን መኪና ውስጥ ሶፍትዌሩ እንዳለ አመነ። ሳምንት ሳይሞላ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ማርቲን ቪንተርኮርን ሥልጣን ለቀቁ።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና ጥቁር ጭስ አያወጣም። ታዲያ ምን ቸገረኝ?

ጥቁሩ ጥላሸት ነው። ኖዝል ወይም ፓምፕ ሲበላሽ የምታየው እሱን ነው። እኛ የምናወራው በዓይን ስለማይታየው ነው። ሞተር ውስጥ ሙቀቱ ሲበረታ አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጂንና ኦክስጅን ይዋሃዳል። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያስቆጣል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል። ማርሚታህን አይተህ ንጹሕ ነው ማለት አትችልም።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ከጊዮርጊስ አካባቢ)፦ ልጄ አሜሪካ ናፍጣ ጄታ ነበራት። መኪናዋን መልሰው ገዝተው ብር ጨመሩልኝ ትላለች። ይህ ነገር እውነት ነው ልጄ?

እውነት ነው እትዬ። በ2016 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት፣ ባለ 2.0 ሊትር ሞተር የሆኑ ወደ 475 ሺህ መኪኖች ተካተቱ። ባለቤቱ ሁለት ምርጫ ተሰጠው። ወይ ኩባንያው መኪናውን ወሬው ከመውጣቱ በፊት በነበረው ዋጋ ይገዛዋል፣ ወይ ፈቃድ ሲገኝ ያስተካክልለታል። በሁለቱም ላይ ከ5,100 እስከ 10,000 ዶላር ገደማ ይጨመርለታል። የጠበቆቹ ክፍያም ከሰዉ ድርሻ አልተቆረጠም፤ ኩባንያው ለብቻው ነው የከፈለው።

አብዛኛው ሰው እንደ ልጅዎ መልሶ ሸጠ። በ2018 መጀመሪያ ወደ 350 ሺህ መኪና ተገዝቶ በየሜዳው ተደርድሮ ነበር፤ የተተወ ስታዲየም ግቢ ውስጥ ሳይቀር።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ያው ሞተር ያለው መኪና ጀርመን ነበረው። ያገኘው ግን ከአሜሪካኖቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም። መኪናውን የሠራው ያው ኩባንያ፣ ያውም በራሱ አገር! ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ወንድማለም፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የካሳው ምሥጢር ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ከስሰው ለሁሉም ማስፈረድ ይችላሉ። ኩባንያው ግማሽ ሚሊዮን ሰው ባንድ ጊዜ ፊቱ ቆመበት። በዚያ ላይ መንግሥት በወንጀል ያዘው። መደራደር ግድ ሆነበት። ጀርመን ውስጥ በወቅቱ እንዲህ ያለ መንገድ አልነበረም። እያንዳንዱ ባለመኪና ብቻውን ጠበቃ ይዞ ይሟገት ነበር። ኩባንያውም "በአውሮፓ ሕግ ጥፋት አይደለም" ብሎ ድርቅ አለ። ያ ክርክር በአውሮፓ ፍርድ ቤት ውድቅ የሆነው ገና በዲሴምበር 2020 ነው።

የጀርመን መንግሥት በዚሁ ጉዳይ ተገፍቶ በኖቬምበር 2018 አዲስ ሕግ አወጣ። የሸማቾች ማኅበራት ፌዴሬሽን ብዙ መቶ ሺህ ሰው አሰባስቦ ከሰሰ። በፌብሩዋሪ 2020 በ830 ሚሊዮን ዩሮ ተስማሙ። ለአንድ መኪና ከ1,350 እስከ 6,257 ዩሮ ደረሰ፣ እንደ ሞዴሉና እንደ ዕድሜው። ወንድምህ ያገኘው ይህን ይመስለኛል።

ሳይቸኩል ብቻውን የተሟገተ ግን የተሻለ አገኘ። ሜይ 25፣ 2020 የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ኩባንያው ሆን ብሎ ደንበኛውን አታሏል፣ መኪናውን ተረክቦ ገንዘቡን ይመልስ አለ። ግን በነዳኸው ኪሎ ሜትር ልክ ይቀነሳል። ከሳሹ ሰውዬ ሻራን የተባለ ያገለገለ ቮልስዋገን በ31,490 ዩሮ ገዝቶ 25,600 ገደማ ተመለሰለት። ብዙ የነዳ ሰው ሒሳቡ ተበልቶ ያልቅበታል። ክርክሩ በተራዘመ ቁጥር ኪሎ ሜትሩ ይጨምራል፣ የሚመለሰው ይቀንሳል። ኩባንያዎች ለምን ቀጠሮ እንደሚወዱ ገባህ?

እንግሊዝ ደግሞ በ2022 ለ91 ሺህ ሰው 193 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለ። ሞተሩ ያው፣ ሶፍትዌሩም ያው። የሚለየው ታርጋው የተለጠፈበት አገር ነው።

ጥያቄ፦ በ2019 ከጀርመን የገባ ናፍጣ ፓሳት ከሰው ገዛሁ። በቁርጥ ንገረኝ፣ ካሳ አለኝ ወይስ የለኝም?

የለህም።

ምክንያቱን ልንገርህ። አንደኛ፣ የአሜሪካው ገንዘብ አሜሪካ ውስጥ ለተመዘገቡ መኪኖች ነው፤ የማመልከቻው ጊዜም አልፏል። ሁለተኛ፣ የጀርመኑ ፍርድ ቤት በጁላይ 2020 እንደወሰነው፣ ጉዳዩ በ2015 ይፋ ከሆነ በኋላ የገዛ ሰው "ተታልያለሁ" ብሎ ካሳ መጠየቅ አይችልም። ዓለም ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው የገዛኸው። ሦስተኛ፣ ካሳውን ምናልባት ጀርመን ያለው የመጀመሪያው ባለቤት ወስዶታል። ብዙዎቹ መኪናውን ሳይመልሱ ነው ገንዘቡን የተቀበሉት። ከዚያ ሸጡት። አንተ ዘንድ ሲደርስ ካሳው ተበልቷል።

በ2023 ጀርመን ውስጥ ሌላ በር ተከፍቶ ነበር፤ ከመኪናው ዋጋ ከ5 እስከ 15 በመቶ። እሱም ቢሆን ይርጋ አለው፣ የግዢ ውልም ይጠየቃል። ከሰው እጅ ለእጅ የተገዛና ውሉ ላይ ዋጋው አሳንሶ የተጻፈ መኪና እዚያ ፍርድ ቤት ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ የእኔ "ፋብሪካው አስተካክሎታል" የሚል ወረቀት አለው። ታዲያ ንጹሕ ነው ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ ወደድኩት፤ መልሱ በተለይ እኛን ስለሚነካ።

ማስተካከያው ለባለ 2.0 ሊትሩ ሶፍትዌር መቀየር ብቻ ነበር። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ባለ 1.6ቱ ላይ ከአየር መለኪያው ፊት ትንሽ የፕላስቲክ ወንፊት እንጨምር ነበር። ሰዉ "ይኼው ነው?" ብሎ ይስቅብን ነበር።

ግን አዲሱ ሶፍትዌርም ጉድ አለበት። ጭሱን ወደ ሞተር መልሶ የሚያቃጥለው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ የሚሠራው የውጭው ሙቀት ከ15 እስከ 33 ዲግሪ ሲሆንና ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ሲሆን ብቻ ነው። የኦስትሪያ ሰዎች ይህን ይዘው ተሟገቱ፤ ኦስትሪያ ተራራማ፣ ብርዳም አገር ናት። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በጁላይ 2022 ይህም ራሱ የተከለከለ ማታለያ ነው አለ።

እንግዲህ አስቡት። ጣና ያለው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዓባይ ድልድይ እስከ ዘጌ መገንጠያ፣ ከጎንደር መንገድ እስከ ጢስ ዓባይ ብትነዳ አንድም ቦታ ከ1,000 በታች አትወርድም። ደጀን አልፈህ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ከፍታው ቢቀንስልህ ሙቀቱ ከ33 ሊያልፍ ይችላል። የተስተካከለው ፓሳት ባሕር ዳር ላይ አንድም ቀን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ሆኖ አይነዳም። ሞተርህን አይጎዳውም፣ ጉልበቱም አይቀንስም። የምንተነፍሰው ግን እኛ ነን።

ጥያቄ (የዶልፊን ባለቤት)፦ የቶዮታስ ነገር? እኛ ጀርመን የለንም።

ቶዮታም ስሙ ተነስቷል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። በጃንዋሪ 2024 ይፋ እንደሆነው፣ የናፍጣ ሞተር የሚሠራለት ቶዮታ ኢንዱስትሪስ የፈረስ ጉልበት ሲለካ ለሽያጭ ከሚገባው የተለየ ሶፍትዌር ተጠቅሞ ውጤቱን አሳምሮ ነበር። ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘር፣ ሃይኤስ ውስጥ የሚገቡ አዳዲስ ሞተሮች ናቸው። ቶዮታ እንደገና ለክቶ ደረጃውን ያሟላሉ፣ መንዳት ማቆም አያስፈልግም አለ። እዚህ የሚሠሩት ዶልፊኖች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የነበሩ ሞተሮች ናቸው፤ እንቅልፍ አትጣ።

የጭነት መኪና የሚሠራው የሂኖ ነገር ግን ከባድ ነው። የጭስ መረጃ መፈብረኩን በ2022 አመነ። በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ ውስጥ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። መርሴዲስም በ2020 አሜሪካ ውስጥ ለመንግሥት 1.5 ቢሊዮን፣ ለባለመኪናዎች ደግሞ 700 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ጥያቄ፦ ጣና ላይ የናፍጣ ጀልባ አለኝ። የእኔስ ሞተር ይዋሻል?

ፓምፑ ሜካኒካል ከሆነ የሚዋሽ ኮምፒውተር የለውም። ዘይት ሐይቁ ላይ እንዳያንጠባጥብ ብቻ እይልን፤ እምቦጩ ይበቃናል።

ጥያቄ (የሕግ ተማሪ)፦ በእኛ አገር ሕግስ ገዢ ምንም መብት የለውም?

አለው እንጂ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ እንዲል ይፈቅድለታል። የ1952ቱ (ይህም በእኛ አቆጣጠር) የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭን ስለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል። ጉድለቱን ስታገኝ ለሻጩ ማሳወቅ አለብህ፤ ካሳወቅክ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስ አለብህ። ሻጩ አታሎ ካስቀረህ ነገሩ ይለያል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 38 ደግሞ ተመሳሳይ ጥቅም ላላቸው ሰዎች አንዱ ተወክሎ እንዲከስ በር ይከፍታል።

ችግሩ የምትከሰው ማንን ነው? የሸጠልህን ሰው ነው። እሱም እንዳንተው የማያውቅ ይሆናል። ጀርመን አገር ቮልፍስቡርግ ያለውን የቮልስዋገን ፋብሪካ ከዚህ ሆኖ መያዝ ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ መካኒኬ "ያንን ቫልቭ እንድፈነው፣ ማጣሪያውንም እናውጣው፣ ጉልበት ይጨምራል" ይለኛል።

እታለም፣ ፋብሪካው ተደብቆ ያደረገውን አንቺ በገንዘብሽ ልታስደርጊ ነው። ቫልቩ ጥላሸት ይዞ ከሆነ ይውጣና ይታጠብ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ማጣሪያው የሚደፈነው ደግሞ ሁልጊዜ ከቤት እስከ ገበያ ስለሚነዳ ነው። ረጅም መንገድ ላይ ሞተሩ ሲግል ማጣሪያው ጥላሸቱን ራሱ ያቃጥለዋል። አንዴ እስከ ወረታ ደርሰሽ ተመለሺና እዪው። ጎበዝ መካኒኮች አሉን፤ ግን ያልገባቸውን ሁሉ ቆርጦ ማውጣት ይቀናቸዋል።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ የታሰረ አለ?

አለ። አሜሪካ ውስጥ ኦሊቨር ሽሚት የተባለ የኩባንያው ኃላፊ በ2017 የሰባት ዓመት እስር ተፈረደበት። ጀርመን ውስጥ በሜይ 2025 አራት የቀድሞ ኃላፊዎች ጥፋተኛ ተባሉ፣ ሁለቱ ወደ እስር ቤት። ቪንተርኮርን የፍርድ ሂደታቸው ተጀምሮ በጤና ምክንያት ተቋርጧል።

ጥያቄ፦ ደላላው ግን ቅፅ አሳይቶኛል፣ ማኅተምም አለው።

ማኅተም ገበያ ላይ ይቀረጻል። እውነተኛ ካሳ ከፋይ አስቀድሞ ብር አይጠይቅህም። የሻንሲ ቁጥርህን፣ የሊብሬህንና የመታወቂያህን ኮፒ አንድ ላይ ለማታውቀው ሰው ከሰጠህ ደግሞ የምታጣው ማስኬጃውን ብቻ ላይሆን ይችላል። ሰጥተህ ከሆነ ዛሬውኑ ለፖሊስ አመልክት፤ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህም ፋይልህን አስጠብቅ።

ጥያቄ፦ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ኤሌክትሪኩን የቮልስዋገን አይዲ 4 ልገዛ ነው። እነዚህን ሰዎች ልመናቸው?

ኤሌክትሪክ መኪና የሚደብቀው ጭስ የለውም። ቮልስዋገን ወደ ኤሌክትሪክ የሮጠውም አንድም በዚህ ቅሌት ምክንያት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ 2 ቢሊዮን ዶላር ለቻርጅ ማድረጊያና መሰል ነገር እንዲያወጣ ተገዷል።

አንተን የሚያሳስብህ ሌላ ነው። እዚህ የምናያቸው አይዲ 4ቶች አብዛኞቹ የቻይና ሥሪት ናቸው፣ በነጋዴ በኩል የገቡ። ስለዚህ የባትሪውን ዋስትና ማን ይሰጣል ብለህ ጠይቅ። አስመጪው ከሆነ፣ ለስንት ዓመትና ለስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ በጽሑፍ ይስጥህ፤ ባሕር ዳር ላይ ቢበላሽ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስጭነው ማን እንደሆነም ይጻፍ። በቃል ብቻ ካለህ ዋጋውን ቀንስ በለው።