እናቴን ብቻዋን ላስወጣት?

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ከአዲስ አበባ መጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ወንጀል ስለምፈራ ቤተክርስቲያን እንኳ ብቻዋን አላስወጣትም። የ19 ዓመቱ ልጄ ግን ማታ ሠርቶ በአውቶቡስ ይመለሳል። ወንድ ነው ብዬ ብዙም አልሰጋለትም። ተሳስቻለሁ?
አንዲት እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። የምሠራው አረጋውያን በሚውሉበት ማዕከል ነው፤ የብዙዎቹ ልጆች ይህንኑ ይጠይቁኛል። ድብደባና ዘረፋን ካሰብን ግን ይበልጥ የሚያሰጋው ልጅሽ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ቤት ለቤት ሰው እየጠየቀ የወንጀል ጉዳት ጥናት ያካሂዳል። 12 ዓመት የሞላው ሁሉ ይጠየቃል፤ ለፖሊስ ያላመለከተም ጭምር። ጥቃት በብዛት የሚደርሰው በአፍላዎቹና በወጣቶቹ ላይ ነው። 65 ዓመት ያለፋቸው ላይ ከሁሉም ያነሰ ነው። ጥናቱ መጦሪያ ቤት ያሉትን አረጋውያን አይጠይቅም። እዚያ የሚደርስ በደል አለመቆጠሩ በጣም ያሳዝነኛል።

«ቤት ስለሚቀመጡ ነዋ!» ትይኝ ይሆናል። በከፊል እውነት ነው። ወጣት ያመሻል፣ ከእኩዮቹ ጋር ይውላል፤ የሚያጠቁትም በአብዛኛው ከእሱ ዕድሜ ብዙ የማይርቁ ናቸው። እናትሽ ግን የሚሄዱት እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ ነው። ይውጡ እባክሽ! ሰው ሳያዩ መዋል ራሱ ያሳምማል፤ እናቶች እያለቀሱ ነው የሚነግሩኝ።

ልጅሽን ግን ቁጭ አድርገሽ ጠይቂው። አውቶቡሱን የሚጠብቀው የት ቆሞ ነው? ከማን ጋር ነው የሚመለሰው? ወጣቶች የደረሰባቸውን ቶሎ አይናገሩም። «ስልኬ ጠፋ» ያለሽ ቀን ተነጥቆ ሊሆን ይችላል።

ለእናትሽ የምፈራው ሌላ ነው፤ ስልክ። ለኤፍቢአይ የደረሰው አቤቱታ እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 60 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተጭበርብረዋል። «የልጅ ልጅዎ ታስሯል፣ ለማንም እንዳይናገሩ፣ ገንዘብ ይላኩ» ይሏቸዋል አጭበርባሪዎች ደውለው። እንግሊዝኛ አይችሉም ብለሽ አትዘናጊ። ማዕከላችን ለሚመጡ አንዲት እናት «ግራንድሰን» (የልጅ ልጅ) እና «ፖሊስ» የሚሉት ቃላት ለመታለል በቂ ነበሩ።

በእኛ አስተዳደግ ሰው እያወራ ስልክ ጆሮው ላይ መዝጋት ነውር ነው። አጭበርባሪውን የሚጠቅመውም ይህ ነው። «እማ፣ ዝጊበት፣ ነውር የለውም» በያቸው፤ ደጋግመሽ። ከዘጉ በኋላ በልጁ በራሱ ቁጥር ይደውሉለት። በጊፍት ካርድ ክፈሉ የሚል የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደሌለም ንገሪያቸው። ገንዘብ ከወጣ በዚያው ሰዓት ባንኩ ጋ ደውሉ። ደግሞ አደራ፣ እንዳትቆጫቸው። አንዴ ከተቆጣሻቸው ሁለተኛውን አይነግሩሽም።