ገንዳ ውስጥ እቀድመዋለሁ፤ ሐይቅ ላይስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ጂማ ነው። ለዓመታት የዋኘሁት 25 ሜትር ገንዳ ውስጥ ሲሆን 2 ኪሎ ሜትር ሳላርፍ እጨርሳለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው ያደገው። ገንዳ ውስጥ ሁሌ እቀድመዋለሁ፤ እሱ ግን «ሐይቅ ላይ አታገኘኝም» ይለኛል። ላንጋኖ ላይ 1,500 ሜትር ልንወዳደር ተስማምተናል። እውነቱን ነው? እስከዚያ እዚሁ ጂማ ካለው ከቦዬ ውኃ ገብቼ ብለማመድስ?
ዋናተኛው፣ ከሂርማታ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሳ። ቦዬ እንዳትገባ! ጉማሬ ያለበት ውኃ ነው። ጉማሬ ጠልቆ ስለሚቆይ ዳር ቆመህ አይተህ «ዛሬ የለም» ማለት አትችልም። ጉማሬው ባይኖር እንኳ ቄጠማ የበዛበት የረጋ ውኃ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ይስማማዋል። ተውሳኩ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ ውኃውን አለመጠጣት አያድንህም። ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ቦታ ዋኝተህ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደህ ተመርመር፤ መድኃኒት አለው።

ለላንጋኖ የሚያስፈልግህን አብዛኛውን እዚያው ገንዳህ ውስጥ መለማመድ ትችላለህ።

ባልደረባህ የሚለው እውነት አለው። 1,500 ሜትር በ25 ሜትር ገንዳ 60 ርዝመት ነው፤ 59 ጊዜ ግድግዳ ትረግጣለህ። በእያንዳንዱ 5 ሜትር ብትንሸራተት ወደ 300 ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ግድግዳው ሰጥቶሃል ማለት ነው። ሐይቅ ይህን አይሰጥህም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ግድግዳው ጋ ሳትደርስ፣ ሁለት ሜትር ሲቀርህ ዞረህ ተመለስ። ድካሙ ወዲያው ይሰማሃል።

ከድካሙ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አቅጣጫህ ነው። ገንዳው ወለል ላይ ጥቁር መስመር አለልህ። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው፤ የዘረጋኸውን እጅህን እንኳ ላታየው ትችላለህ። ገንዳው ጭር ባለበት ሰዓት፣ ዳር ላይ የሚጠብቅህ ሰው ይዘህ፣ መሃል ላይ ዓይንህን ጨፍነህ 10 ጊዜ ቅዘፍና ግለጥ። ራስህን ወደ አንድ ጎን ወጥተህ ብታገኘው አትደንግጥ፤ ብዙ ሰው እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ብቻ መተንፈስ ነው። አፍህ ለአየር ሲዞር ከፊት ያለው እጅህ መሃሉን አቋርጦ ይገባል፣ ሰውነትህም ይጣመማል። በቀኝም በግራም መተንፈስ ተለማመድ። ማዕበሉ ከአንድ ወገን ሲመጣም በሌላኛው ትተነፍሳለህ።

ከዚያ በየ8 ወይም በየ10 ቀዘፋው ወደፊት ማየት አለ። ጭንቅላትህን ሙሉ ካወጣህ እግርህ ይሰምጣል። የቦዬ ጉማሬ ዓይኑን ብቻ ብቅ እንደሚያደርግ አንተም ዓይንህን ብቻ አውጣ፤ ትንፋሹን ወደ ጎን ስትዞር ትወስደዋለህ። የምትዋኙበትን መስመር የሚያሳየው ተንሳፋፊ ምልክት ዝቅ ያለ ስለሆነ ከማዕበሉ ኋላ ይሰወርብሃል። ከመግባትህ በፊት ከጀርባው ከፍ ያለ ዛፍ ወይም ጣሪያ መርጠህ ያዝ።

ትንፋሽ ያጥረኛል ብለህ አትስጋ፤ ላንጋኖ ከጂማ ትንሽ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ሰዓቱን ግን ማለዳ አድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል።

ለባልደረባህም አንድ ነገር ንገርልኝ። ሐይቅ ላይ ያደገ ሰው አቅጣጫና ድፍረት አለው፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ እኩል ፍጥነት ነው። ከአንተ ጋር ገንዳ ይግባና 100 ሜትሩን 10 ጊዜ፣ 15 ሰከንድ እያረፈ፣ ሁሉንም በተቀራራቢ ሰዓት ይዋኝ። በዚያው አንተ እግሩን ተከትለህ መዋኘት ተለማመድ። በክፍት ውኃ ውድድር የተፈቀደ ነው፤ ጉልበትም ይቆጥባል።

አሁን አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካዊው የክፍት ውኃ ዋናተኛ ፍራን ክሪፐን ፉጃይራ (የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች) ላይ በ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ሕይወቱ አለፈ። ውኃው በጣም ሞቃት ነበር፤ መጥፋቱ የታወቀው ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ ነው። ዛሬ ዓለም አቀፉ ደንብ ውኃው ከ16 ዲግሪ በታች ወይም ከ31 በላይ ከሆነ ውድድር አይፈቅድም። ከዓለም ምርጥ ዋናተኞች አንዱ ሳይታይ ከጠፋ፣ እናንተ ሁለታችሁ ብቻችሁን መግባት የለባችሁም። ዓይኑን ከእናንተ የማይነቅል ሰው ያለበት ጀልባ ይከተላችሁ። ደማቅ ኮፍያ አድርጉ፤ ከወገብ የሚታሰረውን ተንሳፋፊ ከረጢትም ያዙ። ጀልባ ካላገኛችሁ ቀኑን አራዝሙት።