ሚኒሞ አልረጋ ሲል ብሎኗን አይጠምዝዙ

ጥያቄ፦ በፈረንጆቹ 1998 የተሠራ ኮሮላ አለኝ። ጠዋት ሞተሩ እየጠፋ ሲያስቸግረኝ መካኒክ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዙር) ከፍ አደረገልኝ። አሁን ግን ሞተሩ ሲሞቅ ዙሩ በደቂቃ ከ1,000 እስከ 1,800 ይዋዥቃል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መካኒክዎ የጠመዘዙት ነዳጅ ሲረገጥ የሚከፈተውን የአየር ክዳን ማቆሚያ ብሎን ነው። ካርቡራቶር ላይ ትክክል ነበር፤ እንደ እርስዎ መኪና ባለ ኢንጀክሽን ሞተር (ቤንዚኑ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭበት) ላይ ግን ሚኒሞን የሚይዘው ኮምፒውተሩ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ አየሩ በጎን ባለች ጠባብ መንገድ ያልፋል፤ ኮምፒውተሩም እዚያ ያለውን የሚኒሞ ቫልቭ እንደ ውሃው ሙቀትና እንደ ኤሲው ጭነት ይከፍታል፣ ይዘጋል።

መዋዠቁ የሚመጣው ከትርፍ አየር ነው። ክዳኑ ተዘግቷል የሚል ምልክት እየደረሰው ዙሩ ከፍ ካለበት፣ ኮምፒውተሩ መኪናው ቁልቁለት እየወረደ ይመስለውና ቤንዚን ይቆርጣል። ዙሩ ሲወርድ መልሶ ይለቃል፤ ዙሩ እንደገና ይወጣል።

መጀመሪያ ብሎኗን ክዳኑ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ያላሉ፤ ከዚያ ክዳኑ ዘግቶ እንዳይጣበቅ ያህል ብቻ ይመልሷት። ሞተሩን አሙቀው ኤሲና መብራት ያጥፉ፤ የአየር ማስገቢያውን ትልቅ ቱቦ ነቅለው የጎን ቀዳዳዋን በጣት ይድፈኑ። ዙሩ ከወደቀ ትርፉ የሚገባው በቫልቩ ነው። ዙሩ ካልተለወጠ ሞተሩ በሌላ ቦታ አየር ይስባል፤ የፍሬን ሰርቮውን (ፍሬኑን የሚያቀለውን) ቱቦ በፒንሳ ቆንጠጥ ያድርጉ፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ማኒፎልድ ጓርኒሲዮንም (ማሸጊያ) ይፈትሹ። መጋጠሚያዎቹ ላይ የካርቡራቶር ማጽጃ በትንሹ ሲረጩ ዙሩ ከተቀየረ ቀዳዳው እዚያ ነው። ማጽጃው ይቀጣጠላልና ከጋለው ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ያርቁት።

የጠዋቱ መጥፋት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቫልቩ ካርቦን ይዞ ሲደርቅ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ቫልቩ ለተመሳሳይ ዙር ሰፋ ብሎ መከፈት አለበትና ትንሽ ካርቦንም ያንቀዋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለው ቫልቩን ይፍቱ። የአየር መንገዱን በማጽጃና በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡ፤ ኤሌክትሪክ ያለበትን ወገን ግን አይንከሩ። የብሎኖቹ ራስ በቀላሉ ስለሚበላ ልኩ የሆነ ካቻቢቴ ይጠቀሙ። ሲገጥሙ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን።

ቫልቩን ሲፈቱ የውሃ ቱቦ ከተነቀለ ራዲያተሩን ሞልተው አየሩን ያስወጡ። ከዚህም በኋላ ጠዋት ከጠፋ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ይለኩ፤ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ማሳየት አለበት። ከዚህ ከራቀ እሱን ይቀይሩ፤ አዲስ ቫልቭ ለመግዛት አይቸኩሉ።