የሮኪ ተራሮች ጉዞ ቤታችንን በጠበጠው

«የምንኖረው ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው። ባለቤቴ የረጅም መንገድ ትራክ ሹፌር ነው። እናቱ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር ስለሆኑ በኦገስት ሁለተኛው ሳምንት ሁላችንንም በመኪና ቫንኩቨር ሊወስደን ቆርጦ ተነስቷል። በአንድ ቀን ሊያደርሰን፣ እዚያ ሁለት ቀን ልንቆይ፣ በአንድ ቀን ሊመልሰን። ማንንም አላማከረም። የ15 ዓመቷ ልጄ አልሄድም ብላለች። የ9 ዓመቱን ልጄን መኪና ያስመልሰዋል። አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ከፍታው ለደም ግፊታቸው አይሆንም ያሉኝም አሉ። እኔ ልናገር ስል ‹አንቺ ደስታ አይሆንልሽም› ይለኛል። ባለፈው ወደ ተራራው ስንሄድ ቁልቁለት ላይ እግሬ ሳላስበው ወለሉን ረገጠ፣ ‹ቀስ በል!› ብዬ ጮህኩ። ተኮራርፈን ተመለስን። ልጅ ሆኜ አባይ በረሃ ላይ የተሳፈርንበት አውቶቡስ ፍሬን እምቢ ብሎት በተአምር ነው የተረፍነው፤ ይህን ለእሱ ነግሬው አላውቅም። ለራሱ ብቻ ከሚያስብ ሰው ጋር እንዴት ነው የሚኖረው?»

እህቴ፣ ስለ ባለቤትሽ ግትርነት ብዙ ጽፈሻል። ስለ አባይ በረሃ ግን አንዲት መስመር ብቻ፣ ያውም መጨረሻ ላይ። እኔ ደግሞ የጠባችሁ ሥር ያለው እዚያች መስመር ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

እስቲ መኪናው ውስጥ የሆነውን ቀስ ብለን እንየው። ቁልቁለቱ ይጀምራል፣ እግርሽ በሌለ ፍሬን ላይ ይቆማል፣ እጅሽ የበሩን መያዣ ጨምድዶ ይይዛል፣ ከአፍሽ «ቀስ በል!» ይወጣል። አንቺ ያን ሰዓት ካልጋሪ አጠገብ አይደለሽም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያለሽ ልጅ ነሽ። አእምሯችን እንዲህ ያለ ድንጋጤን እንደ ተራ ትዝታ አጣጥፎ አያስቀምጥም። ተመሳሳይ ነገር ሲያይ፣ ሲሰማ፣ የጋለ ፍሬን ሲሸተው ሰውነትን አሁን የሚሆን ያህል ያስነሳዋል። በዚያ ላይ ደግሞ ተሳፋሪ ነሽ፣ መሪው በሌላ ሰው እጅ ነው። ብዙ ሰው ራሱ ሲነዳ የማይፈራውን መንገድ አጠገብ ተቀምጦ ሲሄድ ይፈራዋል፣ ምክንያቱም ምንም ማድረግ አይችልም።

ባለቤትሽ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሰማው «ቀስ በል»ን ብቻ ነው። መንዳት እንጀራው ለሆነ ሰው፣ ያውም ያንን ዳገት በበረዶ ከተሳቢ ጋር ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው፣ ከገዛ ሚስቱ አፍ ይህን መስማት «አትችልም» እንደመባል ነው። ልጆቹና እናቱ ፊት ከሆነማ የባሰ። ስለዚህ አንቺ በፍርሃት ጮህሽ፣ እሱ በኩራቱ ተነካ፣ ሁለታችሁም ስለ ቫንኩቨር የተጣላችሁ መሰላችሁ።

«ለራሱ ብቻ የሚያስብ» ያልሽውን እኔ አልቀበልም፣ በግልጽ ልንገርሽ። ይህ ሰው ከዓመቱ ግማሹን ከቤት ውጭ የሚያድር ነው። እናንተ የማታውቁት ኑሮ አለው። ሮጀርስ ፓስ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ 1,330 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በበረዶ ወራት የካናዳ ጦር የተከመረውን በረዶ በመድፍ እየመታ ሆን ብሎ የሚያወርድበት ቦታ ነው፣ ሳይታሰብ በመኪና ላይ እንዳይናድ። መድፉ ሲተኮስ መንገዱ ይዘጋል፣ ትራኩ ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። ባለቤትሽ እዚያ ሰልፍ ላይ ብቻውን ሞተር አስነስቶ ተቀምጦ ያውቅ ይሆናል። ያን ቦታ ለልጆቹና ለእናቱ ማሳየት ቢፈልግ ራስ ወዳድነት ነው? እኔ እንደሚመስለኝ «ኑሮዬን እዩልኝ» እያለ ነው። ልጅሽ ስለ መድፉ ቢጠይቀው ምን ያህል እንደሚያወራ ታያለሽ።

ያጠፋው ሌላ ጋ ነው። ስጦታውን የሚቀበሉትን ሰዎች አልጠየቀም። ከካልጋሪ ቫንኩቨር ወደ 970 ኪሎ ሜትር ነው፣ ምንም ሳይቆሙ ከ10 ሰዓት በላይ መንዳት። ለእሱ ይህ የሥራ ቀን ነው። መኪና ለሚያስመልሰው ልጅና ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ግን ቅጣት ነው። በዚያ ላይ በዚህ ፍጥነት ሄዶ ተራራውን ማን ያያል? ተራራው በመስኮት ያልፋል፣ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ተደፍተው ይደርሳሉ፣ እሱም ይናደዳል።

እንግዲህ መጀመሪያ የምታደርጊው ስለ ጉዞው መከራከር ማቆም ነው። ስለ አባይ በረሃ ንገሪው። መኪና ውስጥ አይደለም፣ አማትሽ ባሉበትም አይደለም፣ ከመንገድ ደክሞ በገባበት ማታም አይደለም። አርፎ ባደረ ማግስት፣ ልጆቹ ሳይኖሩ፣ ቡና ላይ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ልጅ ሆኜ የነበርንበት አውቶቡስ ፍሬን እምቢ ብሎት ነበር። ቁልቁለት ላይ የምጮኸው አንተን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፣ ያ ቀን እየመጣብኝ ነው» በቂ ነው። ከዚያ ዝም በይ። የመልሱን አካሄድ አትምሪለት። ምናልባት ወዲያው አይገባው ይሆናል፣ ምናልባት «ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» ይልሻል። ቢቆጣም አትደንግጪ። ባል እንዲህ ያለውን ነገር ዘግይቶ ሲሰማ መጀመሪያ የሚሰማው መገለል ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ካርታው የሚዘረጋው። አብራችሁ ዘርጉት። እኔ ብሆን ዘንድሮ ቫንኩቨርን እተወዋለሁ፤ አራት ቀን ለተራራው ራሱ አይበዛበትም። የመጀመሪያው ቀን እስከ ሌክ ሉዊዝ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐይቁ ዳር ሜዳ ስለሆነ አማትሽ ዳገት ሳይወጡ ያዩታል። ማታ ጎልደን የምትባለው ከተማ ማደር ይቻላል። ሁለተኛው ቀን የእሱ ቀን ይሁን፣ ሮጀርስ ፓስ ይውሰዳችሁ፣ እሱ ያስጎብኝ፣ እናንተ አዳምጡ። ሦስተኛው ቀን ደግሞ ከሌክ ሉዊዝ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጃስፐር የሚሄደውን 93 ቁጥር መንገድ ያዙ። አይስፊልድስ ፓርክዌይ ይሉታል፣ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የግግር በረዶው ተራራ ከመኪና ሳይወረድ ይታያል። እስከ አታባስካ የበረዶ ግግር ደርሶ መመለስ ይበቃል። ይህን መንገድ የመረጥኩት በምክንያት ነው፦ ትላልቅ የጭነት መኪኖች እንዲያልፉበት አይፈቀድም። ለአንቺ ከኋላ የሚገፋ ተሳቢ የለም ማለት ነው። ለእሱ ደግሞ በሥራው ሊያውቀው የማይችለው መንገድ ነው። እዚያ ሁለታችሁም እንግዳ ናችሁ፣ «እኔ አውቃለሁ» የሚባል ነገር የለም።

አስቀድመሽ ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ፣ ፍርሃት ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመው ነው የሚብሰው። ፓርክዌዩ ላይ አብዛኛው ቦታ ኔትወርክ የለም። ካርታውን ቤት ሆናችሁ አውርዱ፣ ነዳጅ ሌክ ሉዊዝ ላይ ሙሉ። ከጎልደን በስተምሥራቅ ያለው የኪኪንግ ሆርስ ሸለቆ ድሮ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለነበር ሰው ሲያወራበት ሰምተሽ ይሆናል፤ በ2023 መጨረሻ ላይ ግን በአራት መስመር ተሠርቶ ተከፍቷል። ሮጀርስ ፓስ አካባቢ ለበረዶ ናዳ መከላከያ የተሠሩ ዋሻ መሰል ጣሪያዎች ውስጥ ታልፋላችሁ፣ ጨለም ይላል፣ ቶሎ ያልቃል። የደን ቃጠሎ ወቅትም ስለሆነ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ 511 አልበርታና ድራይቭ ቢሲ በሚባሉት ድረ ገጾች ላይ እዩ።

ለራስሽ ደግሞ ልምምድ ያስፈልግሻል። ፍርሃትን በሸሸነው ቁጥር ይፋፋል፣ በአንዴ ስንዘልበትም ያሸንፈናል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባሉት ቅዳሜና እሁዶች በትንሽ በትንሹ ሂዱ። መጀመሪያ እስከ ካንሞር፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መንገዱ ሰፊና የተከፈለ ነው። ያ ሲቀልሽ እስከ ሌክ ሉዊዝ። ከዚያ ፊልድ ወደምትባለው መንደር የሚወርደውን ቁልቁለት። አንድ ቃል ተስማሙ። «እረፍት» ስትዪ እሱ ሳይጠይቅ፣ ሳይከራከር፣ የሚቀጥለው መቆሚያ ላይ ይቆማል። አንቺም በበኩልሽ «ቀስ በል»ን ትተያለሽ። ቁልቁለት ላይ ገደሉን ሳይሆን ራቅ ያለውን መንገድ እዪ፣ ትንፋሽሽን ስታስወጪ ከምታስገቢው አስረዝሚው፣ እግርሽን ከወለሉ አንስተሽ ተረከዝሽን ወደ ወንበሩ ሳቢው። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ያ እግር ፍሬን መፈለጉን እስካላቆመ ድረስ ሰውነትሽም አያርፍም።

አሁን ወደ አማትሽ። ኦገስት ሁለተኛው ሳምንት ፍልሰታ መሃል ነው፤ ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጅ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። እናቱ «ለእኔ አትጨነቁ፣ እንዳላችሁ» ብለዋል ብዬ እገምታለሁ። የኛን እናቶች ታውቂያቸዋለሽ፣ ይህ እሺታ አይደለም። ፍልሰታን ከቅዳሴ ርቀው በሆቴል ማሳለፍ ልባቸውን ሊያደማው ይችላል። ይህን አንቺ ሳትሆኚ ልጃቸው ይጠይቃቸው፣ ለብቻቸው። ከነሐሴ 16 በኋላ ጉዞውን ማድረግ ከቻላችሁ ጾሙም ይፈታል፣ ትምህርት ቤትም ገና አልተከፈተም። ፈቃዱን ለማዛወር አሠሪውን አሁኑኑ ይጠይቅ። የከፍታው ወሬ ግን አያስፈራሽ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ሌክ ሉዊዝ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል፣ የፓርክዌዩ ከፍተኛ ቦታ እንኳ 2,069 ሜትር ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ነው የኖሩት። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በእጅ ቦርሳ መያዝና ሐኪማቸውን አንዴ መጠየቅ ይበቃል።

ልጅሽን «አልሄድም» ያሰኛት ተራራ መጥላት አይመስለኝም። 15 ዓመት ሲሞላ ሰው የሚጠላው ሳይጠየቅ መጫን ነው። እውነተኛ ውሳኔ ስጧት፣ የይስሙላ አይደለም። ለምሳሌ ሞሬይን ሌክ የሚባለው ሐይቅ ከ2023 ጀምሮ በግል መኪና አይገባም፣ በአውቶቡስ ነው፣ ቦታ ቀድሞ ይያዛል፤ ከመቀመጫው የተወሰነው ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ጠዋት ላይ ይለቀቃል። ያን ማስያዝ ለእሷ ተውላት። የትኛው ሐይቅ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ እሷ ትወስን። ከወሰነችው በኋላ አትቀይሩባት፣ ባለቤትሽ ጭምር። ትንሹ ልጅ ደግሞ የፊቱ መንገድ በሚታየው ወንበር ይቀመጥ፣ ታብሌቱ ቤት ይቅር። ዓይኑ የሚያየውና የውስጥ ጆሮው የሚሰማው እንቅስቃሴ ሲለያይ ነው የሚያስመልሰው። በየሰዓት ተኩሉ ቁሙ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ያ ይበቃል። ምግብ ግን ውጭ ትታችሁ ዞር እንዳትሉ፣ ድብ ይጠራል፣ በፓርኩም ክልክል ነው።

አራተኛውን ቀን አጭር ያደረግኩት በምክንያት ነው። ሦስተኛውን ማታ ካንሞር ወይም ባንፍ አድራችሁ ጠዋት ተነስታችሁ ለምሳ ቤታችሁ ትገባላችሁ። የሥነ ልቦና ሊቁ ዳንኤል ካነማን እንዳሳየው ሰው ያሳለፈውን ነገር የሚያስታውሰው በርዝመቱ ሳይሆን ስሜቱ በጣም በናረበት ቅጽበትና በመጨረሻው ነው። የባልሽ ዕቅድ የሚያልቀው በ10 ሰዓት ድካምና ኩርፊያ ነበር። ልጆቹም የሚይዙት ያንን ነበር።

ባለቤትሽ ሁሉንም ሰምቶ «ቫንኩቨር ካልሆነ አልሄድም» ቢል አትለማመጪው፣ አትኮራረፉም ደግሞ። የቫንኩቨርን ጉዞ ሌላ ጊዜ፣ ቢያንስ መሃል ላይ አንድ ማደሪያ ይዛችሁ እንደምትሄዱ ቃል ግቢለት፣ እውነትሽን ከሆነ። እንዲህ ከተለማመድሽ በኋላም ከተማ ውስጥ ድልድይና ቁልቁለት ላይ የሚያንቀጠቅጥሽ ከሆነ፣ ወይም ያ አውቶቡስ በሕልምሽ የሚመጣ ከሆነ፣ ይህ በባልና ሚስት ንግግር ብቻ የሚያልፍ አይደለም። የቤተሰብ ሐኪምሽን በድንጋጤ ጉዳት ላይ ወደሚሠራ ባለሙያ እንዲልክሽ ጠይቂ፤ አልበርታ ውስጥ የጤና ምክር ወደሚሰጠው 811 ብትደውዪም የት መሄድ እንዳለብሽ ይነግሩሻል። ይህ ዓይነቱ ፍርሃት በሕክምና በደንብ ከሚሻሻሉት አንዱ ነው። የካንሞርና የጎልደን ማደሪያ በነሐሴ ቶሎ ያልቃል፤ ከማስያዛችሁ በፊት ግን ያን የአባይ በረሃ ወሬ ከእሱ ጋር ጨርሺ።